የጐንደር ነገሥታት ግንብ፤ ስለ ሐናጺውና ስለ ዐቃቢው

በግእዝ ቋንቋ ሐነጸ ማለት ሠራ፥ ገነባ ማለት ነው፤ ዐቀበ ማለትም ጠበቀ ማለት ነው። ስለዚህ የሚሠራው ሐናጺ፥ የሚጠብቀውም ዐቃቢ ይባላል። የሰው ልማድ ግን ሐናጺውን ማመስገን ነው፤ ስሙ በታሪክ ይጻፋል፥ ዜናውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የዐቃቢውን ስም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ማንኛውም ሕንጻ አንድ ጊዜ በሐናጺው እጅ ከቆመ በኋላ፥ በየዘመኑ በዐቃቢው እጅ እንደ ገና ካልተሠራ በቀር ለልጅ ልጅ አይደርስም። የዝናምና የፀሐይ፥ የእሳትና የጦርነት ኃይል ከደንጊያ ይበረታልና።

ለዚህ ነገር የጐንደር ነገሥታት ግንብ መልካም ምስክር ነው። የአውሮፓ ጸሐፊዎች መካከለኛ ዘመን ከሚሉት ጥቂት ዘግይቶ የተሠራ ቢሆንም፥ በመልኩና በአሠራሩ ከጥንት አምባዎች ጋር ይቈጠራል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ እነዚህ ግንቦች እንዴት እንደ ተሠሩ፥ እንዴት እንደ ተጐዱና እንዴት እንደ ተጠበቁ በተራ ይነገራል። የዘመኑም ቍጥር ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ከድንኳን ወደ ግንብ

ከጐንደር አስቀድሞ የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን መቀመጫቸው ድንኳን ነበር። ንጉሡ በሰፈሩበት ቦታ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ የመኳንንቱ፥ የካህናቱና የወታደሩ ድንኳን ደግሞ እንደየማዕርጉ በፊትና በኋላ፥ በቀኝና በግራ ይሰለፋል። ያም ሰፈር ከተማ ይባል ነበር። ብዙ ሺሕ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ የአገሩ እህልና ማገዶ ቶሎ ስለሚያልቅ፥ ከተማው ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ንጉሡም በየአገሩ እየዞሩ ግብሩን ይቀበላሉ፥ ፍርድ ይሰጣሉ፥ የሸፈተውንም ይቀጣሉ። እንዲህ ያለው አኗኗር አገርን ለመግዛት ቢመችም ለሕንጻ አይመችም፤ ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚነቀል ነገር ለሚመጣው ትውልድ የሚያስቀረው ምልክት የለምና።

ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ከኢማም አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ብዙ አገር ጠፍቶ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከተቃጠሉ በኋላ፥ የነገሥታቱ መቀመጫ ጥቂት በጥቂት ወደ ጣና ሐይቅ ዙሪያ እየተሳበ ሄደ። በ1555 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራንዝ አጠገብ በጕዛራ ኮረብታ ላይ ግንብ እንዳሠሩ ይነገራል፤ ፍራሹም እስከ ዛሬ በኮረብታው ላይ ይታያል። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ በጐርጐራና በደንቀዝ ቤተ መንግሥት አሠሩ። በዚያ ዘመን በአገሩ ከነበሩት ከኢየሱሳውያን ጽሑፍ እንደሚታወቀው፥ ኖራ የሚሆነው ደንጊያ በአገሩ መኖሩ ተለይቶ ሥራ ላይ መዋሉ የተስፋፋው በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነው።

ይህ የኖራ ነገር ቀላል አይደለም። ደንጊያን በጭቃ ብቻ እያጣበቁ የሚሠሩት ቤት ዝናም ሲመታው ጭቃው እየታጠበ ይፈርሳል፤ በላዩም ሁለተኛና ሦስተኛ ደርብ ለመጨመር አያስደፍርም። የኖራ ደንጊያ ግን በእሳት ተቃጥሎ፥ በውሃ ተበርዶ፥ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በደንጊያው መካከል ሲገባ፥ ከነፋሱ ጋር እየተዋሐደ በዘመን ብዛት እንደ ገና ወደ ደንጊያነት ይመለሳል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተነሡት ነገሥታት ደርብ ያለውን፥ ጕልላት የደፋውን ግንብ ለማሠራት ቻሉ። በጐንደር ንጉሡ ያዘዙትን ኖራው አጸናው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የጐንደር መቈርቈር

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት ስለ ተቀበሉ በሕዝቡ መካከል ጽኑ ጠብ ተነሣ፤ ወንድም ከወንድሙ፥ አባትም ከልጁ ተዋጋ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ የሕዝቡን ልብ አይተው፥ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ተዉላቸው። ዐፄ ፋሲልም የተለያየውን ሕዝብ የሚሰበስብ፥ የደከመውንም መንግሥት የሚያሳርፍ የማይነቀል ከተማ ፈለጉ። በ1628 ዓ.ም. ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ከፍ ባለው፥ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በሚገኘው ኮረብታ ላይ ጐንደርን ቈረቈሩ።

በቃል ሲነገር እንደ መጣው፥ ለነገሥታቱ የታሰበው መቀመጫ በ«ጐ» ፊደል የሚጀምር ነው የሚል ትንቢት ነበረ፤ ጕዛራና ጐርጐራም በዚሁ ምክንያት ተመረጡ ይላሉ። ደግሞም ዐፄ ፋሲል በአደን ላይ ሳሉ ጐሽ ተከትለው እስከዚያ ቦታ ደርሰው አንድ ባሕታዊ ስፍራውን እንዳመለከታቸው ይተረካል። ትረካው እንደ ትረካ ይያዝ፤ ቦታው ግን ለመንግሥት የተመቸ መሆኑን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም። ውሃ በሁለት ወገን አለው፤ ወባ ከሚበዛበት ቆላ ከፍ ያለ ነው፤ ወደ ሰሜን ወደ ባሕር፥ ወደ ምዕራብም ወደ ሱዳን የሚወስደው የነጋዴ መንገድ የሚገናኝበት ነው።

ስለ ሐናጺዎቹ

ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ታላቁ ግንብ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች አሉት፤ የማማዎቹም ራስ እንደ እንቍላል ስለ ሆነ ሕዝቡ እንቍላል ግንብ ብሎታል። ከፍታው እስከ 32 ሜትር ይደርሳል። በሰገነቱ ላይ የቆመ ሰው ሰማዩ ጥሩ ሲሆን ጣናን በሩቁ ያያል። ግድግዳው በጥቁር ደንጊያና በኖራ የተሠራ ሲሆን፥ ወለሉና ደረጃው፥ በሩና መስኮቱ እንጨት ገብቶበታል።

ይህን ግንብ ማን ሠራው የሚለው ነገር ብዙ ሰው አከራክሯል። አንዳንድ ሰዎች፥ ይልቁንም ጥቂት የውጭ አገር ጸሐፊዎች፥ የፖርቱጋል ሥራ ነው ይላሉ። ነገር ግን የጊዜው ቅደም ተከተል ይህን ቃል አያጸናውም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሕንጻ ያሠራ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. ሞቷል፤ ጐንደር የተቈረቈረች ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ቈይታ ነው። የቀሩትም ኢየሱሳውያን በዐፄ ፋሲል ዘመን መጀመሪያ ከአገር እንዲወጡ ታዝዘው ሄደዋል። ያባረሯቸው ንጉሥ ቤተ መንግሥታቸውን በእነርሱ እጅ አሠሩ ማለት አይቻልም።

በሌላ ወገን ግን ሥራው ከሌላ አገር ጥበብ ምንም አልወሰደም ማለትም እውነት አይሆንም። በ1640 ዓ.ም. ከየመን ኢማም ተልኮ ወደ ዐፄ ፋሲል የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚ የተባለው መልክተኛ ግንቡን አይቶ እጅግ አድንቆ፥ ሥራውን የመራው ከህንድ የመጣ ባለሙያ እንደ ነበረ ጽፏል። በጐርጐራና በደንቀዝ ሲሠራ የተማረ የአገር ልጅም ብዙ ነበረ። በጐንደር ዙሪያ የሚኖሩት ቤተ እስራኤልም በግንበኝነትና በአናጢነት ሙያ በነገሥታቱ ዘንድ የታወቁ ነበሩ። እንግዲህ ትእዛዙ የኢትዮጵያ ንጉሥ፥ ደንጊያውም የኢትዮጵያ፥ ብዙውም እጅ የኢትዮጵያ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣውም ጥበብ በዚህ ተዋሕዶ ከዚህ አገር በቀር በሌላ አገር የማይገኝ መልክ ወለደ። ጥበብን ከእንግዳ መማር ለአገር ነውር አይደለም፤ የተማሩትን ሳይጠብቁ መቅረት ነው እንጂ።

አንድ ሌላም ነገር መታሰብ ይገባዋል። ደንጊያውን የጠረቡት፥ ኖራውን ያቃጠሉት፥ ውሃውን ከቀሃ በእንስራ ያመላለሱት ሰዎች ስማቸው በታሪክ አልተጻፈም። ግንቡ የዐፄ ፋሲል ይባላል፥ መባሉም የተገባ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ደንጊያ ስሙ ያልታወቀ የአንድ ሰው ወዝ አለበት።

ዐፄ ፋሲል በ1660 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ነገሡ። እኒህ ንጉሥ በግቢው ውስጥ የመጻሕፍት ቤትና የጽሕፈት ቤት አሠሩ። አባታቸው ለኃይል ያሠሩትን እርሳቸው ለትምህርት ጨመሩበት። ከእርሳቸው በኋላ በ1674 ዓ.ም. የነገሡት ታላቁ ኢያሱ ከሁሉ ያጌጠውን ግንብ አሠሩ፤ ጣራው እንደ ፈረስ ኮርቻ የሆነው ይኸው ነው። ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት፥ በወርቅ ቅብና በሥዕል ያሸበረቀ ነበር ይባላል። ንጉሡን ለማከም ተጠርቶ በ1691 ዓ.ም. ጐንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ የቤተ መንግሥቱን ክብርና የከተማውን ብዛት አይቶ ለአገሩ ሰዎች ጽፏል። ታላቁ ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. በገዛ ልጃቸው ወገን ተገደሉ፤ ግንባቸው ግን ከገዳዮቹ ይልቅ ብዙ ዘመን ኖረ።

ከዚያ በኋላ ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዳዊት የዝማሬ አዳራሽ አሠሩ፤ ዐፄ በካፋም ሰፊውን የግብር አዳራሽ ጨመሩ። የዐፄ በካፋ ባለቤት፥ የዳግማዊ ኢያሱ እናት እቴጌ ምንትዋብም በግቢው ውስጥ የራሳቸውን ግንብ፥ ከከተማውም ውጭ በምዕራብ በኩል በኮረብታ ላይ የደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። እንዲህ እያለ በ100 ዓመት ውስጥ የአንድ ንጉሥ ግንብ የብዙ ነገሥታት ግቢ ሆነ። ዙሪያውን 900 ሜትር የሚሆን ቅጥር ከበበው። በሮቹም እንደየአገልግሎታቸው ስም ወጣላቸው፤ ፊት በር፥ ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር፥ ነፊዎች የሚገቡበት እምቢልታ በር፥ የፈረስ አለቃው ባልደራስ በር፥ ራስ በር፥ እርግብ በር፥ ተዝካሮ በር እየተባሉ ተጠሩ። የበሮቹን ስም ብቻ የሰማ ሰው የመንግሥቱን ሥርዐት ያውቃል።

በቅጥሩ ውስጥና በአጠገቡም እልፍኝ ጊዮርጊስ፥ አጣጣሚ ሚካኤልና ግምጃ ቤት ማርያም ቆመዋል። ከቅጥሩ ውጭ ያሉት ሲጨመሩ የጐንደር አድባራት 44 ናቸው ተብሎ ይቈጠራል። በግንቡ ጥላ የቅኔ፥ የዜማ፥ የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ጸንቶ ከየአገሩ ተማሪ የሚጐርፍባት ከተማ ሆነች። ስለ ሃይማኖት የተነሣው ክርክር በነገሥታቱ ፊት በዚሁ ግቢ ተካሂዷል። እንግዲህ ግንቡ የጦር አምባ ብቻ አልነበረም፤ ሊቅ ከሊቅ የሚከራከርበት፥ ድኻ ከጌታ የሚሟገትበት ሸንጎም ነበር።

የጥፋት ዘመን

በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ከተገደሉ በኋላ የመሳፍንት ዘመን ገባ። ነገሥታቱ በግንቡ ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን በውጭ በመሳፍንቱ እጅ ነበረ። ንጉሥ በሹመት ይወጣል፥ በሽረት ይወርዳል፤ ግቢውን የሚያድስ ግን ጠፋ። በ1762 ዓ.ም. ጐንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከቤተ መንግሥቱ ብዙው ክፍል አስቀድሞ እንደ ተቃጠለና እንደ ፈረሰ ጽፏል። ዐቃቢ ሲጠፋ ግንብ ጠላት ሳይመጣበት መፍረስ እንደሚጀምር ከዚህ ይታወቃል።

በቀድሞው ቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ታላቅ የካህን ማዕርግ ነበረ፤ ትርጓሜውም የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ሰዓትን የሚጠብቅ ሹም የነበረው መንግሥት ግንቡን የሚጠብቅ አጣ። ዝናሙ በተሰነጠቀው ጣራ ገብቶ የወለሉን እንጨት አበሰበሰው፤ በግድግዳው ራስ ላይ ወፍ የጣለችው ዘር በቅሎ ዋርካ ሆነ፤ ሥሩም በደንጊያው መካከል እየገባ ፈለቀቀው።

ከዚህ ቀጥሎ ሰው ሠራሹ ጥፋት መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ የመንግሥቱን ማእከል ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ ካዛወሩ በኋላ፥ በዘመናቸው መጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን አስዘረፉ፥ አቃጠሉም። ከአድባራቱ የተሰበሰቡት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከእነዚህ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ሄዱ፤ ዛሬም በእንግሊዝ አገር ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ገና ከዚያ ሳታገግም በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጐንደር ገብተው ከተማውንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከዚያ እሳት የዳነው ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ንቦች ወጥተው ጠላትን አባረሩ ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረካል።

የሣር ክዳን ያለው ቤት ሁሉ አመድ ሲሆን ግንቦቹ የቀሩት በደንጊያውና በኖራው ጽናት ነው። እሳቱ እንጨቱን በላ፤ ግድግዳውን ግን ሊበላው አልቻለም። ነገር ግን ጣራና ወለል የሌለው ግድግዳ ሥጋው አልቆ አጥንቱ እንደ ቀረ ሰው ነው፤ ቢቆምም የሚኖረው ተቈጥሮ በተሰጠው ዕድሜ ብቻ ነው።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጐንደርን ያዘ፤ ግቢውንም የጦር ሹማምንቱ መቀመጫ አደረገው። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን አንዳንዶቹ ግንቦች ታደሱ። በምሥራቅ አፍሪቃ የነበረው የኢጣልያ ጦር የመጨረሻው ክፍል በጐንደር ተከቦ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በዚያ ውጊያ ጊዜ ከእንግሊዝ አይሮፕላን የተጣለው ቦምብ ግቢውን መታው፤ ቀድሞ የምድር መንቀጥቀጥ ያናወጠው የታላቁ ኢያሱ ግንብም እንደ ገና ተጐዳ።

ስለ ዐቃቢዎቹ

በኢጣልያ ጊዜ የተደረገው እድሳት አንድ ትልቅ ጕዳት ነበረበት፤ ይህም ነገር ለሚመጣው ትውልድ ትምህርት ይሆናል። አዳሾቹ በቀድሞው ኖራ ፈንታ ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ተጠቀሙ። ላየው ሰው ሲሚንቶ ከኖራ የጠነከረ ነው፤ ስለዚህ የበለጠ መድኀኒት ይመስላል። ነገር ግን የቀድሞ ግንብ እንደ ሕያው አካል ይተነፍሳል። በክረምት ወደ ግድግዳው የገባው እርጥበት በበጋ በኖራው በኩል ወጥቶ ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን ያንን መውጫ ይዘጋዋል፤ ውሃው በውስጥ ታግዶ ይቀርና ደንጊያውን ራሱን ይበላዋል። ደግሞም ሲሚንቶው ከደንጊያው ይልቅ የደረቀ ስለ ሆነ፥ ግንቡ በሙቀትና በብርድ ጥቂት ሲንቀሳቀስ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ የሚሰነጠቀውም አዲሱ ሳይሆን አሮጌው ነው። በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ ጨርቅ ሲጣፍ ቀዳዳው እንደሚብስ ያለ ነው።

ይህ ስሕተት የታረመው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የጐንደር ግንቦች የዓለም ሕዝብ ሁሉ ሀብት ተብለው፥ በ1972 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት፥ በአጭሩ ዩኔስኮ በሚባለው፥ በዓለም ቅርስ መዝገብ ፋሲል ግቢ በሚል ስም ተጻፉ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከተመዘገቡ በኋላ ብዙ ሳይቈይ መሆኑ ነው። መዝገቡም የያዘው ግቢውን ብቻ አይደለም፤ የፋሲልን መዋኛ፥ ቍስቋምን፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና በጣና ዙሪያ ያሉትን የቀድሞ ግንቦች ጭምር ነው። በዚሁ ዘመን በዩኔስኮ ረዳትነት በተደረገው እድሳት ሲሚንቶው በየቦታው እየተነቀለ በኖራ ተተካ። ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የተለመደው ያ የቀድሞ ኖራ፥ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ለገዛ ግንቡ መድኀኒት ሆነ ማለት ነው። በቅርብ ዓመታትም ግቢው በመንግሥት እንደ ገና ታድሷል።

በአገራችንም ሕግ ወጥቷል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዝዛል፤ ያለ ባለሥልጣን ፈቃድም እንዳይታደስና እንዳይለወጥ ይከለክላል። ሕጉ ስለ ነገሥታት ግንብ ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ በየገዳሙና በየደብሩ ያለው የቀድሞ ሕንጻ፥ ሥዕልና የብራና መጽሐፍ ሁሉ በዚሁ ይጠቃለላል።

ከሕግና ከገንዘብ ይልቅ ደግሞ የሚበልጥ አንድ ጠባቂ አለ፤ እርሱም ሕዝቡ በቦታው መገልገሉ ነው። በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው የፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል ከወንዙ ውሃ ይሞላል፤ ታቦታቱ በከተራ ወርደው በዚያ ያድራሉ፤ ሕዝቡም በማግሥቱ በተባረከው ውሃ ይጠመቃል። የጥምቀት በዓል አከባበር በ1972ቱ መዝገብ ከተጻፈው ከደንጊያው ሕንጻ ሌላ፥ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። መዋኛው በየዓመቱ ስለሚፈለግ በየዓመቱ ይጠረጋል፥ ውሃ የሚያፈሰውም ስንጥቅ ይደፈናል። ሰው የሚፈልገው ነገር ጠባቂ አያጣም፤ ሰው የረሳው ግን ዘበኛ ቢቆምለትም ይፈርሳል። በመዋኛው ቅጥር ላይ የበቀሉት የዋርካ ሥሮች ደንጊያውን እንደ እጅ ጣት ጨብጠውት ይታያሉ። ለአላፊው ያማሩ ናቸው፤ ለዐቃቢው ግን አስጨናቂ ናቸው፤ ቢቈረጡ የያዙት ደንጊያ ይወድቃል፥ ቢተዉም የቀረውን ይፈለቅቃሉና። በጊዜው በጣት ሊነቀል የሚችለው ቡቃያ ሳይነቀል በመቅረቱ እንዲህ ያለ ፈተና ሆነ።

ለየአጥቢያው የሚሆን ምክር

የጐንደር ነገር ለጐንደር ሰዎች ብቻ የተተወ አይደለም። በየአጥቢያው አባቶች ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን፥ ግንብ፥ ደጀ ሰላም ወይም ዕቃ ቤት አለ። የኢዮቤልዩ ዓመት ሲደርስ፥ ገንዘብም ሲሰበሰብ፥ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ መሥራት፥ ወይም ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ በቀለም ማብረቅ ለብዙ ሰው ደስ ያሰኛል። ሐሳቡ የፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ የማይመለስ ጥፋት ነው። አዲስ ሕንጻ በአዲስ ቦታ ቢሠራ ማንም አይቃወምም፤ አሮጌው ከፈረሰ በኋላ ግን የአባቶችን እጅ ደግሞ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

ስለዚህ የጐንደር ግንቦች የሚያስተምሩት ጥቂት ነገር ነው፥ ነገር ግን ሊፈጸም የሚገባው ነው። አንደኛ፥ ከክረምት በፊት የጣራው ቀዳዳ ይደፈን፥ የውሃው መውረጃም ይጠረግ፤ የግንብ የመጀመሪያ ጠላት ጦር አይደለም፥ ውሃ ነውና። ሁለተኛ፥ በግድግዳ ላይ የበቀለ ቡቃያ ሥር ሳይሰድ ይነቀል። ሦስተኛ፥ በኖራ የተሠራው በኖራ፥ በጭቃ የተሠራውም በጭቃ ይታደስ፤ ሳይመረመርም ሲሚንቶ አይደረግበት። አራተኛ፥ ኖራ ማቃጠልና ደንጊያ መጥረብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳሉ ሙያው ለልጆች ይተላለፍ፤ ሙያተኛው ካለቀ ገንዘብ ቢኖርም የሚያድስ አይገኝምና። አምስተኛ፥ ሕንጻው መቼ እንደ ተሠራ፥ ማን እንዳሠራው፥ መቼና በምን እንደ ታደሰ በመዝገብ ይጻፍ፤ የግንበኛውም ስም አይቅር።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። ሆኖም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፥ ካህኑ፥ ሰበካ ጉባኤውና ምእመኑ ከተካፈሉት ሸክሙ ይቀላል።

ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ሲያሠሩ መንግሥታቸውን ሊያጸኑበት ነበር። ያ መንግሥት አልፏል፤ ከእርሱም በኋላ የተነሡት መሳፍንት፥ ያቃጠሉትም የዘረፉትም፥ የያዙትም ያስለቀቁትም አልፈዋል። ከሁሉም የቀረው ደንጊያውና ኖራው፥ በየዘመኑም ደንጊያውን ከኖራው ጋር ያዋደደው የዐቃቢው እጅ ነው። የሐናጺዎቹ ዕጣ ለቀድሞዎቹ ደርሷቸው ሥራቸውን ፈጽመዋል። የዐቃቢነቱ ዕጣ ግን በዚህ ዘመን ላሉት ወድቋል። አባቶች ያቆሙትን ለልጆች ለማድረስ እግዚአብሔር ለሁሉ ልብና ብርታት ይስጥ፤ አሜን።